ለአሥራ ሁለት ሲካፈል

ለአዲሱ መታወቂያ አሻራ ለመስጠት ቀበሌ ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ ከፊቴ ሦስተኛ የቆመችው ሴት የእናቷን ስም አልናገርም ብላ ወረፋው ቆመ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር መጀመሪያ ያልሰማች መስሎን ነበር። መዝጋቢዋ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ትሑት ልጅ ናት፤ ከኮምፒዩተሩ ቀና ብላ ደገመችላት።

«የእናት ስም፣ እማማ?»

«እናቴ ሞታለች።»

«ነፍስ ይማር። ስማቸውን ነው የምጠይቅዎ።»

«ሞታለች አልኩሽ እኮ! የሞተ ሰው መታወቂያ ያወጣል እንዴ?»

«ፎርሙ ላይ አለ፣ እማማ። ካልሞላሁት ሲስተሙ አያሳልፈኝም።»

ከኋላዬ የቆመ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ «ይናገሩትና እንሂድ እንጂ! እዚህ ማን ጠንቋይ አለ ብለው ነው?» ሲል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ በልጅቷ ጆሮ አንሾካሾከችላት። ልጅቷም ጻፈች። ከዚያ፣ ሥራዋ ነውና፣ አለመሳሳቷን ለማረጋገጥ የጻፈችውን ጮክ ብላ አነበበችው።

ያን ስም ፊደል በፊደል አውቀዋለሁ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ወደ ቁጥር የለወጥኳቸው እኔ ነኝ።

ሴትዮዋን ዘነበች ልበላት። ስሟ ይህ አይደለም፤ ዛሬ የምትኖርበትን መንደርም አልጠቅስም፤ የእናቷንም ስም ከእንግዲህ ከእኔ የሚሰማው የለም። አርባ ዓመት ሊሆነን ነው ሳንተያይ። ጀርባዋን ብቻ እያየሁ፣ ወረፋዬን ትቼ ልውጣ ወይስ ትከሻዋን ልንካ እያልኩ፣ የያዝኩትን ፎቶ ኮፒ በጣቶቼ ጠቅልዬ ጠቅልዬ ሲጋራ አሳከልኩት።

ትምህርት የጀመርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ ከሰሜን የመጡ ሰዎች ልጅ ነበር፤ ወንዶቹን አስተማረ፣ እኔ የወንዶቹን ዩኒፎርም አጠብኩ። ኋላ ጎልማሶች ከሰዓት በኋላ ይማሩ የተባለ ጊዜ፣ እጄ ላይ የሳሙናው መላላጥ ሳይድን ከዘነበች አጠገብ ተቀመጥኩ። ዘነበች ከማንኪራ መንገድ በእግሯ ነበር የምትመጣው፤ ጭቃው እንዳይበላባት ኮንጎ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ክፍል ደጃፍ ላይ እግሯን በሣር ጠርጋ ታጠልቀዋለች። ቢጫ ናይለን ሻሽ ነበራት። አይ፣ ተሳሳትኩ፤ ቢጫው የኔ ነው፣ የእሷ አረንጓዴ ነበር፣ ጠርዙ በሲጋራ እሳት የተቃጠለ፣ ወንድሟ ያቃጠለባት። ቤቷ የሚነገረው ካፍኛ ስለሆነ አማርኛውን ከኔ ትሰማለች፣ እኔ ደግሞ ከእሷ መሳቅን እሰማለሁ፤ ምክንያቱም እኔ ከልጅነቴም ሳቅ አይቀናኝም። ከክፍል ስንወጣ ጥግ ላይ ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮውን ወደ መንገድ አዙሮ ይከፍተዋል። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር። ስኳር በራሽን ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይኖርም፤ ያኔ ባለቤቱ እያፈረ በማር ያቀርብልናል፤ «ዛሬስ ማር ነው፣ ይቅርታ» እያለ። ዛሬ በዚያው ጥግ ባንክ ተሠርቷል፤ ማር ግን ከሩቅ አገር በሚመጣ ሰው የሚጠየቅ የስጦታ ዕቃ ሆኖ፣ በማሰሮ ሳይሆን ምልክት በተለጠፈበት ጠርሙስ ተደርድሮ አየዋለሁ፤ ይቅርታ የሚጠይቅበትም የለም።

መጽሐፉን የገዛሁት በገበያ ቀን ነው። ነጋዴው ጆንያ ዘርግቶ ከላይ የጸሎት መጻሕፍት፣ መስታወት፣ ማበጠሪያና መርፌ ይደረድራል፤ ከሥር ደግሞ በስብሰባ ላይ «ኋላ ቀር» የሚባሉትን ይደብቃል። የማነብ ሰው መሆኔን ዐይኔ ነግሮብኝ ኖሯል፣ ጎንበስ ስል ጆንያውን ገለጥ አደረገልኝ። ብር ከስሙኒ ከፈልኩ። ሽፋን የለውም፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ወልቀዋል፤ ወረቀቱ የትንባሆ ቅጠል መስሎ ሻጋታና ጋዝ ይሸታል። የሌባ ማውጫ አለው፤ መስተፋቅር አለው፤ የቡዳ መድኃኒት፣ የትኛው ሥር በየትኛው ቀን ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ እንደሚቆፈር፣ ለገበያ የሚቀና ቃል፣ ለጠላት ምላስ ማሰሪያ። ሁሉንም አነበብኩት። ስለ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ሰው የሚያስበው ጨለማ ነገር ነው፤ እኔ ያገኘሁት ግን ትእዛዝ ብቻ ነው። ይህን ያህል ውሰድ፣ ይህን ያህል ጨምር፣ አትሳሳት። ለእንደ እኔ ያለ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያጽናና ነገር አልነበረም። ደም የሚያስፈስሰውን፣ ሰው የሚያስረውን ተውኩት። የወደድኩት የኮከብ ቆጠራውን ነው፤ ሂሳብ ነዋ። የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ትደምሪያለሽ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየጣልሽ ትገድፊያለሽ፣ የተረፈው ኮከቡ ነው። አንድ ከተረፈ ሐመል፣ ሁለት ሰውር፣ ሦስት ገውዝ እያለ ይሄዳል። በዚያው ሰሞን አራተኛ ክፍል ማካፈልን ተምረን ነበር። መምህራችን ድርሻና ቀሪ እያለ በጠመኔ ያሳየናል። ደብተሬ ጀርባ ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ታትሟል። ከዚህ በላይ ምን ጎደለኝ?

ሰዎች መምጣት ጀመሩ። በአገራችን ነገር ሲጠፋ የሚጠየቀው አላሞ ነበር፤ መንፈስ አድሮበት የሚናገረው ሰው። ያን ጊዜ ግን ወደ አላሞ ደጅ ሲሄድ የታየ በስብሰባ ላይ ተነሥ ይባላል። እኔ ዘንድ ሲመጡ የሚታየው ደብተርና እስክሪብቶ ነው። «የአስካለስ ሂሳብ ነው፤ ሂሳብ አይዋሽም» ይሉ ነበር። ዋጋ አልቀበልም፤ አንዳንዱ እርሳስ ይሰጠኛል። እያንዳንዱን ቆጠራ ሦስት ጊዜ እሠራለሁ፣ ከዚያ በማባዛት አረጋግጣለሁ። መምህሩ «የአስካለን ደብተር ማረም ቀይ ቀለም ማባከን ነው» ብሎ ስለነበር፣ ይህን ያልሰማ ሰው በቦንጋ አልነበረም። ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ዘነበችን የክሊኒኩ ድሬሰር ወደዳት። ቤልቦተም ሱሪ የሚለብስ፣ መርፌ ሲወጋ የሚያፏጭ ቀጭን ልጅ ነበር፤ እጁ ቀላል ነው እየተባለ ሕፃናት ወደ እሱ ሰልፍ ይጋፋሉ። እሷም ወደደችው፤ አንድ ወር ሙሉ ያላመማትን ጉሮሮ ይዛ ስትመላለስ እያየሁ ነው። ሽማግሌ ሊላክ ሆነ። የልጁ እናት እትዬ ብርቄ ግን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ኮከብ ይቆጠር አሉ። አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እትዬ ብርቄ ሳሎን ተጠራሁ። ዘነበች አብራኝ መጣች። የእናት ስም እንደ ዋዛ አይሰጥም፤ በእናት ስም ድግምት ይሠራልና ሰው ለጎረቤቱ እንኳ ይደብቀዋል። በሩ ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዘችኝና በጆሮዬ ነገረችኝ።

«ላንቺ ስለሆነ ነው» አለችኝ።

ደመርኩ። መቶ ሠላሳ ሁለት። ለአሥራ ሁለት ሲካፈል አሥራ አንድ። ቀሪ ዜሮ። እንደገና ደመርኩ። እንደገና ዜሮ። አሥራ አንድን በአሥራ ሁለት አባዛሁ፤ ልክ ነው።

«ምን ወጣ?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ቀሪው ዜሮ ነው፣ እትዬ። አንድ ቢሆን ሐመል፣ ሁለት ቢሆን ሰውር ነበር። ዜሮ ግን... የለም።»

«ሰው ኮከብ የለውም ይባላል እንዴ? ድንጋይ ናት?»

«ሂሳቡ የሚለው ይህንን ነው።»

ዘነበች መጀመሪያ የምቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። እኔ እንደማልቀልድ ስታስታውስ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። የልጁን ስም ገና አልነካሁትም ነበር፤ እትዬ ብርቄ እጃቸውን በወረቀቱ ላይ ጫኑና «በቃ፣ ይበቃል» አሉ።

ሽማግሌው ቀረ። ድሬሰሩ ለእናቱ ጮኸ፣ በር ወርውሮ ዘጋ፣ ክሊኒክም ሳያፏጭ ዋለ አሉ። ከዚያ ዝውውር መጣለትና ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ዘነበች አንድ ጊዜ ብቻ ቤቴ መጣች። «ደግመሽ ሥሪው» አለችኝ፤ እያየችኝ ሠራሁት። «አሁንም ድገሚው» አለችኝ፤ ሠራሁት። በመንገድ ስታልፍ ሥራ ፈቶቹ «መብራት አብሩ፣ ጨለማ መጣች!» ይሏታል። ክፍል ውስጥ መምህሩ «ቀሪው ስንት?» ሲል ከኋላ ወንበር አንዱ ስሟን ጠራ፤ ክፍሉ ፈነዳ። በማግስቱ ቦታዋ ባዶ ነበር። ዘመድ ዘንድ ሄደች ተባለ፤ ሩቅ ጫካ ገባች። እኔ በዚያ ወሰነ ትምህርት አንደኛ ወጣሁ።

በዓመቱ ገደማ ነው። በከተማው ዳር አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ጢማቸው በበርበሬ እጅ የተነካ የሚመስል ቀያይ ያለበት፣ ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌ። የጎደሉኝን የመጽሐፉን ገጾች ልጠይቃቸው ሄድኩ። እንዴት እንደምቆጥር አሳዪኝ አሉኝ። ምሳሌ ስፈልግ ከአእምሮዬ የወጣው የዘነበች ቁጥር ነው። እሳቸው ከጎናቸው ካለው ሰፌድ የበቆሎ ፍሬ እየዘገኑ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለቱን ወደ ጎን ይገፋሉ። መጨረሻ ላይ አሥራ ሁለት ፍሬ ቀረ። እጃቸውን አነሡ።

«እነዚህስ?» አሉኝ።

«እነሱም ይወጣሉ። ዜሮ ይቀራል።»

«ለምን ይወጣሉ? ምን አደረጉሽ?» ሳቁ። «ልጄ፣ የምትገድፊው የሚቀር እስካለ ድረስ ነው። የመጨረሻው ሙሉ ከሆነ ሙሉ ነው እንጂ ባዶ ነው እንዴ? አሥራ ሁለተኛው ሑት ነው።»

«መጽሐፉ ይህን አይልም።»

«ምን ብሎ ይላል? ይህን የማያውቅ ሰው ይከፍተኛል ብሎ መቼ ጠረጠረ! ከመምህር አፍ የሚሰማ ነው። ደግሞ ዜሮ የምትይኝ የማን አገር ሰው ነው? እኛ በግዕዝ ስንቆጥር ከአንድ ነው የምንጀምረው።» ከዚያ ፊቴን አዩና ሳቃቸውን አቆሙ። «ለሰው ተናግረሻል እንዴ?»

«ለአንዲት ልጅ።»

«እንግዲህ ሂጂና ንገሪያት።»

አልሄድኩም። ብዙ ምክንያት ነበረኝ፤ መንገዱ፣ ክረምቱ፣ ፈተናው። ድሬሰሩም በሄደበት አግብቷል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከማን ሰማሁ? ከማንም። አንዲት ነጥብ ሦስት ጊዜ የማረጋግጥ ሴት ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አላጣራሁም። እውነቱ ሌላ ነው፤ አስካለ ተሳሳተች መባልን ፈራሁ። በሃያዎቹ ዕድሜዬ ያለኝ ሀብት ያ ብቻ ነበር፣ የማልሳሳት መሆኔ። መጽሐፉን ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩት፤ ሰው ሲመጣ «አይጥ በላው» አልኩ። ኋላ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆንኩ፤ ሌላ ሰው መልሶ ያስቀመጠውን መጽሐፍ እየዞርኩ ቦታው መሆኑን ሳላይ ምሳ አልበላም ነበር። ዛሬ ሚኒባስ መናኸሪያው አጠገብ እነዚያ መጻሕፍት ማንም ሳይደብቃቸው፣ ከእንግሊዝኛ መማሪያና ከቢዝነስ ምክር ጎን ለጎን በሚያብረቀርቅ ሽፋን ተደርድረዋል። የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ስልኳ ላይ ስሟን ጻፍ ታደርግና ኮከቧ በአንድ ዐይን ጥቅሻ ይመጣል። አንድ ቀን ተቀበልኳትና ለአሥራ ሁለት ያለ ቀሪ የሚካፈል ስም ፈልጌ አስገባሁበት። ሑት አለኝ። ስልኩ እንኳ ያውቃል።

ዘነበች አሻራዋን ሰጥታ ስትዞር ፊት ለፊት ተያየን።

«አስካለ?»

«አዎ።»

«ሸበትሽ!»

«አንቺ ግን አልሸበትሽም።»

«እኔ ማር እየበላሁ፣ አንቺ ወረቀት እየበላሽ፤ እንዴት እኩል እንሸብታለን?» ብላ አቀፈችኝ። ጭስና ሰም ትሸታለች። ወረፋዬን ትቼ ተከተልኳት፤ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ገባን። መኪናዋ እስኪሞላ ነው ጊዜ ያለን። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ዝናቡ አወራች። እኔ ብርጭቆውን አዞራለሁ፣ ማንኪያውን አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ።

«ምን ሆነሻል? ቁንጫ ገባብሽ?»

«ያ ሂሳብ ስህተት ነበር» አልኩ።

የቱ ሂሳብ ብላ አልጠየቀችኝም። እስክሪብቶ አውጥቼ በሶፍት ላይ ላሳያት ስል እጄን መለሰችው።

«አትጻፊ። በአፍሽ ንገሪኝ። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር ዐይኔ አይቀበልም።»

ነገርኳት። ስለ አሥራ ሁለቱ ፍሬ፣ ስለ ሑት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«መቼ አወቅሽ?»

«በዓመቱ።»

«በዓመቱ!» ብርጭቆዋን ገፋችው። «በዓመቱ እኮ እሱ ገና አላገባም። ሰው ልኮብኝ ነበር። ኮከብ የሌላትን ምን ያደርጋታል፣ የእሱም ኮከብ ይጠፋበታል ብዬ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሬዲዮ ነበር፣ ዝናብ ነበር፣ አንድ ሰው ሳንቡሳ ጨምሩልኝ ይል ነበር።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ትንሽ ነበር።

«ተይው። ሌላ ሰው አገባሁ፤ ኮከቡን ቆጥሮ የማያውቅ ጥሩ ሰው። ሞተ፣ ነፍሱን ይማረው።» ከዚያ ድንገት ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ተሳበች። «ግን አስካለ፣ ለማን ተናግረሻል ይህን?»

«ለማንም። ልጆችሽ ይወቁት፣ መጥቼ ለመንደርሽ ሰው...»

«አብደሻል? እንዳታደርጊው!» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኛ ጋ ድግምት የሚይዘው ኮከብ ያለውን ነው ይላሉ፤ የሚይዝበት የለውም በእኔ ላይ። ሌባ እጁን ቀፎዬ ላይ አያነሣም፤ የእሷን የነካ ድግምቱ ወደ ራሱ ይዞራል ይላል። የጎረቤቶቼ ቀፎ በየዓመቱ ይዘረፋል። የኔ ሃምሳ ቀፎ ጫካ መሀል ጠባቂ የለው፣ ውሻ የለው። የተረገመ ነው የተባለ ዛፍ ሲኖር ቀፎ እንድሰቅልበት እኔ ነኝ የምጠራው። ያኔ ብትነግሪኝ ባል ታስገኚልኝ ነበር። ዛሬ ብትናገሪ ንቦቼን ታስዘርፊኛለሽ።» ሳቀች፤ ያን የክፍሉን ሳቅ። ከዚያ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ተሳስተሽ ሠራሽኝ፤ ልታርሚኝ ስትመጪ ደግሞ ልታፈርሺኝ ነው። እንዳለ ተይው። ማይልኝ።»

ማልኩላት። ስህተት አይቶ ዝም ማለት ለኔ ምን እንደሆነ ሌላ ሰው አይገባውም፤ እሷ ግን ገብቷት ነበር፣ ለዚህ ነው ያስማለችኝ።

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ተነሣች፣ ከረጢቷን አነሣች፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች።

«ሑት ምንድን ነው?»

«ዓሣ። ውሃ ነው።»

«ውሃ» አለች ቀስ ብላ። «የእሱስ? ይስማማ ነበር?»

የእሱን ያን እሑድ አልቆጠርኩትም። ከመሪጌታው ቤት በተመለስኩ ቀን ግን በሬን ዘግቼ ቆጥሬዋለሁ። ሸርጣን ነው። ሸርጣን ውሃ ነው። ሁለቱ ቢጋቡ መጽሐፉ ምን እንደሚል ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ እዚህ የማልጽፈው እኔም ሳነበው ስለማያስቀምጠኝ ነው። በኮከብ ካመንኩ ቆይቷል፤ ካላመንኩም ቆይቷል፤ የማምነው በትክክል የተሠራ ሥራ ነው። ዘነበች በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ዝናቡ ከኋላዋ ይወርዳል።

«እሳት ነው» አልኳት። «አሰድ፣ አንበሳ። እሳትና ውሃ ነበራችሁ፤ ዓመትም አትቆዩም ነበር።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ቆጥሬዋለሁ።»

ዐይን ዐይኔን አየችኝ። ከዚያ ትከሻዋ ላይ የነበረ አንድ ነገር ሲወርድ አየሁ።

«አንቺ ካልሽማ ልክ ነው» አለችና ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ መኪናው ሮጠች።